ጠላ ሸጣ አሳደገችን፤ እንዴት ጠመቀችው?

የምረቃ ሰሞን ሲመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ከየአቅጣጫው ይሰማል። ሬዲዮው ይለዋል፣ ቴሌቪዥኑ ይለዋል፣ ፌስቡክ ላይ ጥቁር ካባ ከለበሰው ተመራቂ ፎቶ ሥር ይጻፋል፤ ‹‹እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ።›› ሰምተን አንጀታችን ይላወሳል። አንዳንዶቻችን እናለቅሳለን። (ከመካከላችን ሁለቱ ራሳቸው ብለውታል፤ ውሸትም አልነበረም።) ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ጋዜጠኛው ቀጥሎ የሚጠይቀው ‹‹ስንት ዓመት ሸጡ?››፣ ‹‹ያን ጊዜ ሲያስታውሱት ምን ይሰማዎታል?››፣ ‹‹ልጅዎ ሲመረቅስ?›› የሚል ነው። ‹‹እንኩሮውን ምን ያህል አጠቆሩት? ጌሾው ስንት ቀን ሰነበተ?›› ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ እኛ እስካሁን አልሰማንም። እኛም ብንሆን ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ለክፍል ሥራ የጠላ ሻጭ እናት ታሪክ ጽፈን፣ ጥሩ ነጥብ አግኝተንበታል፤ እኛም አልጠየቅንም። በጽሑፋችን ውስጥ ጠላው የድህነት ምልክት እንጂ አንድ ሰው አስቦና ተጠቦ የሠራው ነገር አልነበረም።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሳነውም። ከጥቂት ወራት በፊት አምስት ሆነን ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጠን ፖድካስት ልንጀምር ተማከርን። ርዕሱ ቤት ውስጥ መጥመቅ ነበር። ከምናውቃቸው ልጆች መካከል ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ሆፕስና እርሾ እያስመጡ፣ በፕላስቲክ ባልዲ ቢራ ለመጥመቅ የሚሞክሩ አሉ። አንዱ ሲሳካለት ሌላው ጠርሙስ ይፈነዳበታል፤ እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም። እናስተዋውቃቸው፣ በወር አንድ ቀን በኢንተርኔት እናገናኛቸው፣ የሚሉትን ቀድተን እንልቀቅ አልን። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ዛሬም ጥሩ ነው እንላለን። የአሥራ ሁለት ክፍል ዕቅድ ወጣ። ክፍል አንድ፣ ሆፕስ ምንድን ነው። ክፍል ሁለት፣ ስለ ቴርሞሜትር። ክፍል ሦስት፣ የቤልጂግ እርሾዎች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሄዶ ክፍል አሥራ አንድ ላይ ‹‹ባህላዊ መጠጦቻችን›› የሚል ተጻፈ፤ አንድ እንግዳ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ።

አሥራ አንደኛ! ለዚያውም አሥራ አምስት ደቂቃ!

ያን ጊዜ ላሊበላ ተወልዳ ያደገችው ጓደኛችን ወረቀቱን ገፋ አደረገችና ስልኳን አወጣች። እናቷ የጠላ እናት ናቸው፤ ጠላ ሸጠው ካስተማሩት ውስጥ ማለታችን ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

‹‹እማዬ፣ ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ በሬዲዮ ዓይነት ነገር ብንቀዳሽ ትናገሪያለሽ?››

‹‹ምኑን ነው የምናገረው? ጠላ ደግሞ ምን ወሬ አለው?››

‹‹እንዴት እንደምትጠምቂው ነዋ።››

‹‹እንዴ፣ አንቺ አታውቂውም?››

ጓደኛችን ዝም አለች። አታውቀውም። በቤቱ ጎበዝ ተማሪ እሷ ስለነበረች፣ ‹‹ሂጂ አጥኚ›› እየተባለች ከጓዳ የምትባረረው እሷ ነበረች። ጠላው ትምህርት ቤት ላካት፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከጠላው ለያት። እኛ አምስታችንም ብንሆን ከዚህ የተለየ ታሪክ የለንም። ካፌው ውስጥ ስለ ቤልጂግ እርሾ ያወራ የነበረው ልጅ አያቱ ወረኢሉ ውስጥ በጠላቸው የሚታወቁ ሴት ነበሩ። አርፈዋል። የጻፈው ሰው የለም።

እናትየው ግን ከሳቁ በኋላ ማውራት ጀመሩ፤ የስልኩ ሂሳብ እስኪያልቅ አወሩ። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ያልታጠነ ጋን ውስጥ የገባ ጌሾ የባከነ ጌሾ ነው። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በውሃ ተጠንስሶ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል። በላዩ ብቅሉ፣ የተቆራረሰው ቂጣ፣ የጌሾው እንጨት ይገባል። ቀጥሎ እንኩሮው፤ ተቆልቶ የተፈጨው ገብስ በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ እየተገላበጠ የበሰለው። ሁሉም ተደባልቆ ድፍድፍ ይሆንና ጋኑ አፉ ይታፈናል። ቀን ቆጥሮ በውሃ ይቀጥናል። ለችኩል ሰው ጉሹ አለ፤ ለክብር እንግዳ የተጣራው። ካለቀ በኋላ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል፤ አተላው ደግሞ ለከብት ይሄዳል። እንኩሮው ወርቅ ሲመስል አንድ ጠላ፣ ቡና ሲመስል ሌላ ጠላ ይወጣል። ብርዱ ሲጠና ጋኑ ወደ ምድጃው ይጠጋል። የደረሰ ድፍድፍ ደግሞ በዓይን ብቻ አይለይም፤ ጆሮ ጠጋ አድርገው ያዳምጡታል፤ ሲተነፍስ ይሰማል።

እስቲ አንባቢ ይፍረድ። ዕቃን ከጀርም ማጽዳት፣ እርሾ ማስነሳት፣ ብቅልን ማገር፣ የቁሉን ደረጃ እያዩ ቀለምና ጣዕም መምረጥ፣ ሙቀት መቆጣጠር፣ የፍላቱን መጨረሻ መለየት፤ የእኛ የአሥራ ሁለት ክፍል ዕቅድ በሙሉ በአንድ የስልክ ወሬ ውስጥ አለቀ። ለዚያውም እኛ ያላሰብነው ነገር ተጨምሮበት። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ከአሜሪካ የመጣው የቢራ መመሪያ ‹‹ሆፕሱን አንድ ሰዓት አፍላ›› ሲል ግን ውሃው 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላበትን አገር ይዞ ነው። መራራነቱ አልወጣልኝ ብሎ ጓደኛችን ለምን እንደተጨነቀ አሁን ገባን። ጌሾው በቀዝቃዛ ውሃ ቀናት ሰንብቶ ምሬቱን የሚሰጠው ለዚህ አገር የሚስማማ ዘዴ ስለሆነ ነው። መልሱ ከጓዳ ወጥቶ አያውቅም፤ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ፍለጋ ላይ ነበርን።

አሁን ወደ ጠባችን እንግባ። ጠባችን ‹‹ሆቢ›› ከሚለው ቃል ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ሁለት ነገሮች ሆኑ። በመስከረም ወር ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከእነሱ መካከል ነበሩ። በቀጣዩ ወር ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሰው በቤቱ ለራሱ ቢራ ቢጠምቅ በፌዴራል ሕግ ወንጀል እንዳይሆንበት የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። በዚያው ዓመት ቻርሊ ፓፓዚያን የሚባል ሰው ኮሎራዶ ውስጥ የቤት ጠማቂዎች ማኅበር አቋቋመ። መጽሐፍ ተጻፈ፣ ውድድር ተዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ስለ ቤት ጠመቃ ብቻ የሚያወሩ ፖድካስቶች መጡ። ዛሬ ቤቱ ውስጥ የሚጠምቅ አሜሪካዊ የተከበረ ሰው ነው፤ ‹‹ብሩወር›› ይባላል። ምቀኝነት አይደለም፤ ደግ አደረጉ። በዚያው ዓመት ድንጋዩ ቅርስ በተባለበት ከተማ፣ ለቤተሰቡም ለደብሩም ለገበያውም የምትጠምቀው ሴት ግን ‹‹ጠላ ሻጭ›› ነበረች፤ ዛሬም ናት። አንዱ ሲጠምቅ ዕውቀት፣ ሌላዋ ስትጠምቅ ችግር የሆነው በምን ሒሳብ ነው? ‹‹እሱ ለደስታው ነው፣ እሷ ለእንጀራዋ›› የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። እንግዲያው ሐኪሙም ለእንጀራው ነው የሚሠራው፤ ዕውቀት የለውም እንበል?

የማኅበሩ ነገር ደግሞ ያስቀናል። ‹‹ኮሚዩኒቲ እንፍጠር›› ስንል አምስታችንም የጽዋ ማኅበር ያለበት ቤት ውስጥ ማደጋችንን ረስተነው ነበር። በየወሩ በቅዱሱ ቀን ተራ የደረሰው ቤት ይደግሳል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ አባላቱ ይጠጣሉ። አፍ አውጥቶ ‹‹ይኼኛው ከረረ›› የሚል ባለጌ የለም፤ ግን ማን ሁለተኛ እንዳስቀዳ፣ ማን ዋንጫውን ግማሽ ላይ እንዳስቀመጠ ሁሉም አይቷል። በሚቀጥለው ወር ባለተራዋ ይህን ሁሉ ይዛ ነው ጌሾ የምትገዛው። ከዚህ የጠነከረ የጠማቂዎች ስብሰባ፣ ከዚህ የጠነከረ ዳኝነት የት አለ? ላስታ ውስጥ በየደብሩ አለ። እኛ ያልነበረ ነገር ልንፈጥር ሳይሆን ያለውን ማኅበር በድምፅ ልንቀጥለው የሚገባ ሰዎች ነን።

ለነገሩ ይህን ስም የሚፈልጉት ሌሎች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመውን ቅዱስ ጊዮርጊስን እንተወውና የኋለኞቹን ቢራዎች ስም ቆጠር ቆጠር አድርጉ፤ ዳሸን፣ ዋልያ፣ ሐበሻ፣ ራያ። ተራራው፣ እንስሳው፣ ሕዝቡ፣ አገሩ ጠርሙስ ላይ ተለጥፏል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እስኪያወጣው ድረስ ‹‹ባህላችን›› እና ‹‹ኩራታችን›› የሚሉት ቃላት በቢራ አረፋ ውስጥ ሲዋኙ ኖረዋል። ጠላ ቤት ማስታወቂያው እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። በዚህ መሃል የሠርግ ጠላ በሳጥን ቢራ ሲተካ፣ የሸክላው ጋን በፕላስቲክ በርሜል ሲተካ ማንም አልጮኸም። ፕላስቲክን በወይራ ማጠን አይቻልም፤ ይቀልጣል። ጭሱ ሲቀር ጣዕሙም አብሮ ይቀራል።

ላሊበላን በተመለከተ አንድ የሚያናድድ ነገር እንጨምር። የከተማዋ ስም ራሱ ከማር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሕፃኑን ንብ ሲከበው እናቱ አይታ ‹‹ንቦች ንግሥናውን አወቁ›› አለች ይባላል። ቱሪስቱ ይህን ተረት ሰምቶ፣ ማታ ጠጅ ቤት ተወስዶ፣ ብርሌ ይዞ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። የጠጁ ስም መመሪያ መጽሐፉ ላይ ይሰፍራል። የጣለችው ሴት ስም አይሰፍርም። ስለ ጠጅ አጣጣል በሰፊው የጻፈው ማን መሰላችሁ? ሃሪ ክሎማን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ስላሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች መጽሐፍ ያወጣ፣ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ያስተማረ ሰው። ሙያው የእኛው ነው። ሰውየውን ልናመሰግነው ይገባል፤ እኛ ደግሞ ልናፍር። የእኛዎቹ ሳይንቲስቶች ቢሆኑ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ በቀለ ባሂሩ፣ ተተምኬ መሐሪ እና ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት የጠጅ ይዘት ከቤት ቤት፣ በአንድ ቤትም ውስጥ ከጊዜ ጊዜ እንዴት እንደሚለያይ መርምረዋል። ግን ጥናቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጠጅ የምትጥል ሴት እጅ የሚገባበት መንገድ አልተሠራለትም። እንግዲህ ጋዜጠኛ የሚባለው ፍጡር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነበር።

‹‹ቢጻፍ ባይጻፍ ምን ለውጥ አለው?›› ለሚለን ሁለት ነገር እናንሳ። ኖርዌይ ውስጥ ላርሽ ማሪዩስ ጋርሾል የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ አለ። (ስሙ ውስጥ ጌሾ የሚሸት ነገር አለ፤ እኛ አላመጣነውም።) የገጠር ሽማግሌዎች በየጎተራቸው የሚጠምቁትን ቢራ በየቤቱ እየዞረ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አወጣ። ‹‹ክቫይክ›› የሚባለው የእነዚያ ገበሬዎች እርሾ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በፓኬት ይሸጣል፤ ቮስ የምትባል የትውልድ ቦታው ስሟ ፓኬቱ ላይ አለ። ስሟ የተረፈው ተቀድቶ ስለተጻፈ ነው። ሁለተኛው የራሳችን ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ፤ የሄግ ፍርድ ቤት ‹‹ይህ ፈጠራ አይደለም›› ብሎ ለኔዘርላንድስ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! ነገ አንዱ ከጌሾ ወይም ከጥንስስ እርሾ ጋር ተመሳሳይ ወረቀት ይዞ ቢመጣ ‹‹ይህንን የላስታ ሴቶች ያውቁታል›› የምንልበት ምን መዝገብ አለን? የምረቃ ንግግር?

እዚህ ጋ ‹‹ኦንላይን እናገናኛቸዋለን›› ያልነው ነገር ፌዝ መሆኑ ይገለጣል። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትገለባበጥ መብራቱም ስልኩም ባንኩም ጠፍቶ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግጭት መጣ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ቱሪስቱ ቀረ፤ አስጎብኚው፣ የሆቴሉ ሠራተኛ፣ የጫማ ጠባቂው ልጅ ገቢ አጣ። የጓደኛችን እናት በዚያ ጊዜ ቤቱን የያዙት በጋኑ ነው፤ ገብስ ሲወደድ እያሳነሱ፣ ጌሾ ሲጠፋ እየቆጠቡ። ‹‹ሰብስክራይብ አድርጉ›› የምንላቸው እኚህን ሴት ነው እንግዲህ። ስለ ላስታ ጠላ የተሠራ ፖድካስት አዲስ አበባና ዋሽንግተን ተሰምቶ ላስታ ላይ ካልተሰማ፣ ከቱሪስቱ ፎቶ በምን ተለየ?

ክፍተት እንዳለብን የሚነግሩን ወዳጆች አሉ፤ ሁለቱ ትክክል ናቸው። አንደኛው ‹‹መጠጥ ልታሞካሹ ነው›› ይላል። ጠላ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ያለው ቀላል መጠጥ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር፤ ግን የቀን ሥራ ገንዘቡን ጠላ ቤት ጨርሶ የሚገባ አባወራ ያለበትን ቤት እናውቃለን። የጠላ እናቶችም ያውቁታል፤ ማንን ማስቆም እንዳለባቸው፣ ለማን ዱቤ እንደማይሰጥ ከማንም በላይ ይናገራሉ። ይናገሩት። ሁለተኛው ወዳጅ ‹‹የሴቶችን ጉልበት ልታስውቡ ነው›› ይላል። ይህ ይበልጥ ያሳምማል። ውሃው በጀርባ ይመጣል፣ እንጨቱ በጀርባ ይመጣል፣ እንኩሮው ሲቆላ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ‹‹ልጄ ይህን አትማሪ›› ያሉ እናቶች ልክ ነበሩ። ልጅቷ እንድትጠምቅ አንፈልግም፤ የእናቷ ዕውቀት ዕውቀት እንዲባል፣ ዋጋ እንዲወጣለት እንፈልጋለን። ሁለቱ አይጣሉም። ጭስ የማይወጣበት ምድጃ ያላት ሴትም ጠላ ልትጠምቅ ትችላለችና።

ስለዚህ ዕቅዱን ቀደድነው። አዲሱ ዕቅድ አጭር ነው። ከክፍል አንድ እስከ ክፍል አሥር ጠላ ነው፤ የቢራ ልጆቹ አሥራ አንደኛው ላይ ይመጣሉ (አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል)። የምትቀዳው እኛ አይደለንም፤ ላሊበላ የምትኖር፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች የጓደኛችን የአክስት ልጅ ናት፤ በስልኳ ትቀዳለች፣ ይከፈላታል። ለሚናገሩት እናቶችም የቀናቸውን ያህል ይከፈላል፤ ስማቸውም ከፈቀዱ ይጠራል፤ ‹‹አንዲት እናት›› አይባልም። መለኪያው የእነሱ መለኪያ ይሆናል፤ ጣሳ፣ እፍኝ፣ ቁና። ‹‹እጄ ያውቀዋል›› ሲሉ ቆም ብለን ‹‹እጅዎ ምን ሲነካ ነው የሚያውቀው?›› ብለን እንጠይቃለን። አሻሮው ምጣድ ላይ ሲንጣጣ፣ ድፍድፉ ሲተነፍስ ድምፁ ይገባል፤ ይህን ከመጽሐፍ ማንም አይሰማውም። የተቀዳው በሚሞሪ ካርድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ስልክ ለስልክ ይተላለፋል፤ ኢንተርኔት ሲኖር ሌላው ይስማው።

ጥሩ ሐሳብ ያለን መስሎን ለእናትየው ደወልንና ዕቅዱን አነበብንላቸው። ዝም ብለው ሰሙ።

‹‹መቼ ነው የምትመጡት?›› አሉ።

‹‹መንገዱ ሲመች፣ ለሁለት ቀን።››

‹‹በሁለት ቀን ጥንስሱም አይደርስ! ወይ ሦስት ሳምንት ያዙ፣ ወይ እዚያው ሁኑና ልጅቷን ተዉልኝ፤ እኔ አሳያታለሁ። ጌሾውን ግን እናንተ ግዙ።››

የጌሾውን ብር ትናንት ልከናል።